እጅ የለመደ ውሻ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ድምፁ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ውሻ ነው፤ ስለ ንጽህናው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ክትባቱ። ገና ርዕሱን ስትሰሙ «ለሰው ያልደረሰ እንክብካቤ ለውሻ ሊሆን ነው?» ያላችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። የውሻ እንክብካቤ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በፊልም የምናየው፣ ጸጉሩ በማሽን የተስተካከለ፣ ሪባን የታሰረለት፣ ሶፋ ላይ የተጋደመ ትንሽዬ ውሻ ነው። እሱ ደግሞ ከግቢያችን በር አጠገብ በሰንሰለት ታስሮ ከሚውለው ዘበኛ ጋር በምንም አይገናኝም። እኔም ዛሬ ስለ ሪባን አላወራም። ወሬዬ በሙሉ ስለዚያ ስለ በር ጠባቂው ነው።

የግቢ ውሻ ትልቁ ችግር ሰው የማይነካው መሆኑ ነው። ምግቡ ከሩቅ ይገፋለታል፣ ማታ ይፈታል፣ ጠዋት ይታሰራል። ከዓመት እስከ ዓመት ሆዱን ወይም እግሩን የዳበሰው ሰው የለም። እንዲህ ያለው ውሻ ጆሮው ውስጥ መዥገር ቢሰፍርበት፣ ጥፍሩ ተቆልምሞ ሥጋው ውስጥ ቢገባ፣ አንገቱን ሰንሰለቱ ቢያቆስለው የሚያይለት አይኖርም። የሚታወቀው ቁስሉ ሸትቶ ዝንብ ሲወረው ነው። የክትባት ቀን ሲመጣ ደግሞ ሐኪሙ መርፌውን ይዞ ቆሞ፣ ባለቤቱ ራሱ «ኧረ እኔንም ይነክሰኛል» ብሎ ወደ ኋላ ይሸሻል። ማጠብም ማበጠርም የሚያስፈልገው ከዚህ የተነሳ ነው። ውሻው በየጊዜው በእጃችን ካለፈ፣ እጃችን በሽታውን ገና ትንሽ ሳለ ያገኘዋል፤ ውሻውም መያዝን ይለምዳል።

የሚለምደው ደግሞ ቡችላ ሳለ ነው። ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እስከ 12ኛውና 14ኛው ሳምንት ድረስ ቡችላ በዓለም ላይ የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን የሚለይበት ጊዜ ነው። በእነዚህ ሳምንታት ያላወቀውን ነገር በኋላ ማስለመድ ይቻላል፤ ነገር ግን ድካሙ ብዙ ነው። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ቡችላውን ያዙት። መዳፉን ጨብጡና ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቀቅ አድርጉ፣ ጆሮውን ገልብጣችሁ እዩ፣ ከንፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ድዱን ተመልከቱ፣ ጅራቱን ያዝ አድርጉ። ሲያበቃ አንዲት ቁራሽ ሥጋ ወይም እንጀራ ስጡት። በመንገድ ዳር ታቅፈው ከሚሸጡ ልጆች ቡችላ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ዕድሜውን አጣሩ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ የተለየ ቡችላ ጤናውም ጠባዩም ያስቸግራል፤ ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት የሚማረውን የንክሻ ልክ አልተማረምና።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ እምነት አለ። «ውሻ ሰው ከለመደ ዘበኛነቱ ይቀራል» ይባላል። ለዚህም ሲባል ቡችላውን ጨለማ ውስጥ ዘግቶ የሚያሳድግ፣ ኃይለኛ ይሁንልኝ ብሎ ሚጥሚጣ የሚያበላ አለ። ሚጥሚጣው ሆዱን ከማቃጠል በቀር አንዳች አይጨምርለትም። ጨለማው ደግሞ የሚያወጣው ፈሪ ውሻ ነው። ፈሪ ውሻ ሌባን ከመንከሱ በፊት የጎረቤትን ልጅ ይነክሳል፤ ሕፃን ልጅ ሮጦ ስለሚመጣና ድንገት ስለሚጮህ ከሌባው ይልቅ እሱ ያስደነግጠዋል። የቤቱን ሰው ከባዕድ መለየት ለውሻ ከተፈጥሮው የተሰጠ ነው። እግሩን በመያዛችሁ ለሌባ በር አይከፍትም።

ካደገ በኋላ እጃችሁ የገባ፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ ውሻ ካላችሁ አትቸኩሉ። ምግቡን ስታቀርቡ ትንሽ ቆዩ፤ ነገር ግን እየበላ ሳለ አትንኩት። ከበላ በኋላ ጎኑ ተቀመጡ፤ ፊት ለፊት ቆሞ ዓይን ዓይኑን ማየት ለውሻ ጸብ ነው። መጀመሪያ ትከሻውን ወይም ደረቱን እንጂ አናቱን አትዳብሱ፤ ከላይ የሚመጣ እጅ ለተመታ ውሻ ዱላ ነው። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ግድ ሆኖ ቁስል ማከም ካስፈለገ ደግሞ ሰፊ ሻሽ በአፉ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅልላችሁ፣ ከአገጩ ሥር አቋርጣችሁ፣ ከጆሮዎቹ ኋላ ማሰር ነው። ሻሹን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ ሙቀት በሌለበት ቦታ ተጠቀሙበት። ውሻ የሚቀዘቅዘው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ስለሆነ አፉን አስሮ ማቆየት ያፍነዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ማጠቡ እንግባ። አጭር ጸጉር ላለው የሀገራችን ውሻ በወር ወይም በሁለት ወር አንድ ጊዜ መታጠብ ይበቃዋል። በየሳምንቱ የሚታጠብ ውሻ የቆዳው ቅባት ይታጠብና ይደርቃል፤ ከዚያ ማከክ ይጀምራል፤ ባለቤቱ «ቁንጫ ነው» ብሎ እንደገና ያጥበዋል። በሳሙናውም ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል። የሰው ቆዳ ወደ አሲድነት ያዘነብላል፤ የውሻው ለዘብ ይላል። የሰው ቆዳ የላይኛው ሽፋን ከ10 እስከ 15 የሚደርስ የሴሎች ድርብርብ ሲኖረው የውሻው ከ3 እስከ 5 ብቻ ነው፤ በጸጉር ተሸፍኖ ወፍራም ይመስለናል እንጂ ከእኛ ቆዳ የሳሳ ነው። እንግዲህ በዚህ ቆዳ ላይ የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ወይም በረኪና ሲፈስበት ምን እንደሚሰማው ገምቱ። ለውሻ ተብሎ የተሠራ ሻምፑ በእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ይገኛል። ካጣችሁ ሽታው ያልበዛ ለስላሳ የሕፃናት ሻምፑ፣ በደንብ እስከታለቀለቀ ድረስ፣ አልፎ አልፎ ቢሆን አይጎዳም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጠዋቷም ማታዋም ብርድ ነው። ውሻን በጠዋት በቧንቧ ውሃ አጥቦ በእርጥቡ ማሰር፣ በተለይ ቡችላንና ያረጀ ውሻን፣ ለሳንባ በሽታ ማጋለጥ ነው። ፀሐይ የወጣበትን ቀን ምረጡ፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ውስጥ፣ ለብ ባለ ውሃ። ክረምት ከሆነ ማጠቡን ትታችሁ ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽ ማራገፍና በእርጥብ ፎጣ መጥረግ ይሻላል። ድሬዳዋ ወይም ሌላ ቆላ ቦታ ያላችሁ ደግሞ የእኩለ ቀኑን ፀሐይ ሽሹ፤ ለእናንተ አመሻሹ ነው የሚሻለው።

ከማጠብ በፊት ማበጠር ይቀድማል። የተቆላለፈ ጸጉር ውሃ ሲነካው ይበልጥ ይጠብቃልና። ከዚያ ውሃውን ከአንገቱ ጀምሩ፤ መጀመሪያ በአንገቱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ሳሙና ቀቡ። ምክንያቱ ቁንጫ ነው። ውሃ ሲሰማው ወደ ደረቁ ቦታ፣ ወደ ፊቱና ወደ ጆሮው ይሮጣል፤ የሳሙናው ቀለበት መንገዱን ይዘጋበታል። ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ፣ በጆሮው ቀዳዳ ጥጥ ጣል አድርጉ፤ ሲያበቃ ጥጡን ማውጣት እንዳትረሱ። ሳሙናው ጨርሶ እስኪወጣ፣ የሚወርደው ውሃ ጥርት እስኪል አለቅልቁት። የሚያሳክከው ብዙ ጊዜ ሥር የቀረው ሳሙና ነው። ከዚያ በፎጣ አድርቁትና ሲሚንቶ ወይም ሣር ባለበት ፀሐይ ላይ አቆዩት። አፈር ላይ ከለቀቃችሁት በደቂቃ ውስጥ ተንከባሎ ድካማችሁን ገደል ይከተዋል፤ ሽታው ከላዩ መጥፋቱ ለእሱ ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ጸጉረ ረጅም ውሾችን፣ ለምሳሌ ጀርመን ሼፐርድን ወይም ድቅሉን ያሳደጋችሁ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ማበጠር ይጠበቅባችኋል። እነዚህ ውሾች ከላይ ሻካራ፣ ከሥር ለስላሳ የሆነ ድርብ ጸጉር አላቸው። ሙቀት አስጨነቀው ብሎ በምላጭ ወይም በማሽን መላጨት አይገባም። ያ ድርብ ጸጉር ብርዱን እንደሚከላከል ሁሉ የፀሐይን ትኩሳትም ይከላከላል፤ ከተላጨ በኋላም እንደ ድሮው ሆኖ ላይበቅል ይችላል።

አሁን እጃችሁ ጸጉሩ ውስጥ ሳለ መዥገር ፈልጉ። የሚወዳቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ የጆሮ ውስጥና ጀርባ፣ የብብት ሥር፣ የጣቶች መሃል፣ የጅራት ሥር፣ በአንገት ማሰሪያው ሥር። ደም የጠጣችው እንስት ስትነፋ ባቄላ ታክላለች፤ ከዚያ ራሷ ትወድቅና በግድግዳ ስንጥቅ ወይም በውሻው ቤት ጣውላ መሃል ገብታ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። አንዷን ሳታዩ ካለፋችኋት ግቢው ሁሉ የእሷ ዘር ይሆናል። ስታወጧት ወረንጦ ይዛችሁ ቆዳው አጠገብ፣ ከአፏ ላይ ያዙና ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በክብሪት ማቃጠል፣ ጋዝ ወይም ቅቤ መቀባት የተለመደ ነው፤ ጉዳቱ መዥገሯ ስትጨነቅ የሆዷን ፈሳሽ ወደ ቁስሉ መልሳ ልትተፋ መቻሏ ነው። በውሻ ደም ውስጥ ገብተው የሚገድሉ፣ ትኩሳትና የደም ማነስ የሚያስከትሉ ጀርሞች የሚተላለፉት በእሷ ነው። በጣታችሁም አትጨፍልቋት፤ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ክተቷት።

ቁንጫ ደግሞ ሌላ ነው። ውሻው ላይ የምታዩት ጎልማሳው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ብቻ ነው። እንቁላሉና እጩ ከውሻው ላይ ረግፎ መኝታው ውስጥ፣ በአቧራው ውስጥ፣ በምንጣፉ ሥር ይኖራል። ስለዚህ ውሻውን ብቻ አክሞ አሮጌ ጆንያውን እንደነበረ መተው ዋጋ የለውም። ጆንያውን በፈላ ውሃ ቀቅሉ ወይም አቃጥሉና ለውጡ፣ የውሻውን ቤት ጠርጋችሁ ፀሐይ አስገቡ።

በመድኃኒቱ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን። በየቤቱ ለቁንጫ ተብሎ ዲዲቲ፣ ማላታይን፣ ለከብት የሚረጭ ዳያዚኖን፣ አልፎ አልፎም ናፍጣ በውሻ ላይ ይደፋል። ውሻ ራሱን ይልሳል። በጸጉሩ ላይ የፈሰሰው መርዝ በምላሱ ወደ ሆዱ ይገባል፤ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሞታል። ባለቤቱም «ቀናተኛ ጎረቤት መርዞብኝ ነው» ይላል። ለከብት የተዘጋጀ የአይቨርሜክቲን መርፌም እንዲሁ ነው፤ መጠኑ ለበሬ የተለካ ነው፤ እንደ ኮሊ ያሉ ዝርያዎች ደግሞ በትንሹም ሊሞቱበት ይችላሉ። በውሻው ክብደት ልክ የሚሰጥ፣ በጀርባ ቆዳ ላይ የሚንጠባጠብ ወይም የሚዋጥ መድኃኒት አለ፤ ሐኪም ጠይቃችሁ ግዙ። ቤታችሁ ድመት ካለች ደግሞ ፐርሜትሪን ያለበትን የውሻ መድኃኒት አታስነኳት፤ ለውሻ መድኃኒት የሆነው ለድመት ገዳይ ነው።

ጥፍርን በአጭሩ። በድንጋይና በአስፋልት ላይ የሚሮጥ ውሻ ጥፍሩን ራሱ ይሞርደዋል፤ ታስሮ የሚውለው ግን አይችልም። ሲቆም ጥፍሩ መሬት ከነካ ረዝሟል ማለት ነው። ከፊት እግሩ በውስጥ በኩል ከፍ ብላ ያለችውን፣ መሬት የማትነካውን ጥፍር በተለይ እዩ፤ ተቆልምማ ሥጋ ውስጥ የምትገባው እሷ ናት። በጥፍሩ ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ አለ። ነጭ ጥፍር ላይ ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ጥቁር ጥፍር ላይ አይታይምና ጫፍ ጫፉን ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ቁረጡ። ከደማ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ ጫን በሉት። ጆሮ ሲሸት፣ ውሻው ራሱን ደጋግሞ ሲያራግፍ፣ ጥቁር እንደ ቡና አተላ ያለ ነገር ሲወጣው ሐኪም ነው መልሱ፤ በክብሪት እንጨት ጥጥ ጠቅልላችሁ ወደ ውስጥ አትግቡ። ለጥርሱ የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም፤ ውሻ መትፋት አያውቅም፣ የሚውጠው ፍሎራይድ ይጎዳዋል፣ በአንዳንዱ ያለው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ደግሞ ይገድለዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። የሚበላው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከእኛ ገበታ የተረፈው ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ውሻ ከተኩላ የተለየው ከሰው ጋር ሲኖር ነውና እህል የመፍጨት ችሎታው ከተኩላው እጅግ ይበልጣል፤ እንጀራም ገንፎም ይስማማዋል። የሚያሳስበኝ ወጡ ነው። ወጣችን የሚቆመው በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሁለቱም፣ ጥሬም ይሁኑ የተቁላሉ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። አንድ ቀን ከድስቱ የላሰው ላያሳይበት ይችላል፤ በየቀኑ የወጥ ፍርፋሪ የሚበላ ውሻ ግን ድዱ እየነጣ፣ እየደከመው ሊሄድ ይችላል። ዘቢብና ወይን ኩላሊቱን፣ ቸኮሌት ልቡን ይጎዳሉ። የጠላ አተላም ለከብት እንደሚሰጠው ለውሻ አይሰጥም፤ አልኮሉ አልጠፋም።

ከዶሮ ወጥ የተረፈው አጥንት ሌላው ጣጣ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ሹል ሆኖ ይሰነጠቃል፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል፣ አንጀት ይበሳል። በበዓል ሰሞን የእንስሳት ክሊኒክ ከሚያጋጥሙት ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው።

በበዓል ሰሞን ሌላም ከዚህ የሚከፋ ነገር አለ። በግ ግቢ ውስጥ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። አራጁ «ይህስ አይበላም» ብሎ ቆርጦ ለውሻው ይጥለዋል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘመድ የሆነች፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የምትረዝም የአንዲት ትል እጭ ነው። እጩ ውሻው አንጀት ውስጥ ገብቶ ጎልማሳ ይሆናል፣ እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል። ውሻው ምንም አይታይበትም። እንቁላሉ ግን በውሻው ጸጉር፣ በአትክልቱ፣ በልጆች እጅ አድርጎ ወደ ሰው ሆድ ይገባል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ የውሃ ከረጢት ያበጃል፤ ለዓመታት ቀስ እያለ አድጎ በቀዶ ጥገና የሚወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የምትጠራጠሩትን ሳንባና ጉበት ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ፕራዚኳንቴል ያለበትን የትል መድኃኒትም በየጊዜው ስጡት። ለጎልማሳ ውሻ በየ3 ወሩ የትል መድኃኒት ይመከራል፤ ቡችላ ደግሞ ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ትል ስለሚወርሰው ከ2ኛው ሳምንቱ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ ይሰጠዋል። ውሻውን ነክቶ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ሥርዓታችንም የሚያዘው፣ ሕክምናውም የሚደግፈው ነው።

ጾምን ሳላነሳ አላልፍም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤት ውስጥ ሥጋም ወተትም አይገባም፤ ውሻውም አብሮ ሽሮ በልቶ ይከርማል። ከፋሲካ በፊት የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ውሻ የዚህ ጾም ምስክር ነው። እሱ ግን ጾም አልተጣለበትም። የተቀቀለ ምስርና ባቄላ ይረዳዋል፣ በቂ ግን አይደለም። የበሰለ እንቁላል፣ ከቤት ውጭ ለብቻው በሆነ ድስት የተቀቀለ የዓሣ ጭንቅላት ወይም የሥጋ ቤት ትርፍራፊ ቢያገኝ ማንንም አያስገድፍም። ውሃውስ? የታሰረ ውሻ እቃውን ደፍቶ ቀኑን ሙሉ በጥም ሊውል ይችላል። ከባድ የሸክላ ወይም የብረት እቃ ይሻለዋል፤ ጥላም ያስፈልገዋል፣ ሰንሰለቱም እንዲፈታ ይፈልጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

የመጨረሻው ጉዳያችን ክትባት ነው፤ ረዘም አድርጌ የማወራውም እዚህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። በዓለም ላይ በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም፤ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። አስገራሚው በሽታ ይህ ነው። ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን ከተነከሰ በኋላ ከትቦ ያተረፈው ከዚሁ በሽታ ነው። በአዲስ አበባም «ፓስተር» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያው ሰው ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበት ግቢ ማለት ነው። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ በውሻ የተነከሰ ሰው በሆዱ ላይ ለቀናት ተከታታይ መርፌ ይወጋ እንደነበር ይነግሯችኋል። ያን ያስታወሰ ሰው ዛሬም ክትባቱን ይፈራል። አሁን ግን በአዲሱ ክትባት በክንድ ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚወጋው።

ለውሻው ግን አንድ መርፌ ነው፤ 3 ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በየዓመቱ። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ በሽታው መሰራጨት ያቆማል። ለዚህ ነው የአንድ ቤት ውሻ የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ የሚሆነው። እንዲያውም የሰፈር ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው፣ በዓለም ላይ ሌላ አገር የሌለው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ ከ500 ያነሰ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 እና በ2004 ከእረኞች ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌው ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ያህል ጨረሰ። ከዚያ በኋላም በ2008 እና በ2014 ተመልሶ መጥቷል። ውሻ ካልተከተበ የሚከፍለው እሱ ብቻ አይደለም።

ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ፓስተር ባረፈበት ዕለት ይታሰባል፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ከመስቀል ማግስት መስከረም 18 ነው። በዓል አክብራችሁ ስትነሱ የውሻችሁን የክትባት ካርድ ለማየት ጥሩ ቀን ነው። በዚያ ሰሞን ነፃ ክትባት ሲኖር ወረዳችሁን ጠይቁ፤ ውሻውንም በሰንሰለት ጎትታችሁ ሳይሆን፣ ዓመቱን ሁሉ እጃችሁን በለመደበት ገመድ ይዛችሁ ሂዱ።

ንክሻ ከደረሰስ? ሳታመነቱ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት አይታችሁ 15 ደቂቃ፤ ብዙ ሰው አንድ ደቂቃ አጥቦ ያቆማል። ሳሙናው ቫይረሱን ይገድላል። ከዚያ የጤና ተቋም፤ ያው ቀን። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ልብስ ላይ ነው፣ ቡችላ ነው የነከሰኝ ማለት አያዋጣም፤ ቡችላም ያስተላልፋል። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ተደብቆ ስለሚቆይ «ይኸው ወር ሆነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ መዝናናት አደገኛ ነው። ፀበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የነከሰውን ውሻ ደግሞ ወዲያው አትግደሉት። እንዳያመልጥና ሌላ እንዳይነክስ ለብቻው ዘግታችሁ፣ ምግብና ውሃ እየሰጣችሁ ለ10 ቀን ተከታተሉት፤ ለእንስሳት ሐኪምም አሳውቁ። ይህ ማለት የተነከሰው ሰው 10 ቀን ይጠብቃል ማለት አይደለም፤ እሱ ክትባቱን ዛሬ ይጀምራል። በእነዚያ ቀናት መንጋጋው ከወደቀ፣ ምራቁ ከተንጠባጠበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም እንጨትና ድንጋይ መንከስ ከጀመረ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። በዚህ የሚያዙ ባለቤቶች አሉ። አሥር ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም፤ ይህን ለተነከሰው ሰው ሐኪም ንገሩት፤ የቀረውን መርፌ ይቀጥል ወይስ ያቁም የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ድመት እናወራለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)